ጋዙ የት ሄደ? የመኪና ኤሲ ሙቅ አየር ሲነፋ

ቅዳሜ ጠዋት ከካዛንቺስ ተነሥቶ ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው እስከ ቢሾፍቱ ድረስ ኤሲ ትዝ አይለውም፤ መስኮቱን ጣት ያህል ዝቅ ካደረገ ይበቃዋል። ሞጆ ሲደርስ ግን ፀሐዩ ክንዱን መለብለብ ይጀምራል፣ ከኋላ የተቀመጡት ልጆችም «ሞቀን» ይላሉ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የኤሲውን ቁልፍ ይጫናል። መብራቱ በራ፣ ነፋሱ መጣ፤ የሚነፋው ግን ያው የሞጆ አየር ነው። ሰኞ ጋራዥ ይሄዳል። ወጣቱ መካኒክ ኮፈኑን ከፈት አድርጎ ያይና «ጋሼ፣ ጋዝ ጨርሷል፤ እንሙላው» ይለዋል። ተሞላ፣ ቀዘቀዘ፣ ተከፈለ። በወሩ ሙቁ አየር ተመለሰ።

ገንዘቡን የበላው «ጨርሷል» የሚለው ቃል ነው። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በታሸገ ቧንቧ ውስጥ እየዞረ ያንኑ ሥራ ለዓመታት ይሠራል። በጎማ ቱቦዎቹ በኩል በዓመት ጥቂት ግራም ሊተንን ይችላል፤ በአንድ ወር የጠፋ ጋዝ ግን የወጣበት ቀዳዳ አለው። ጋዙ ካላነሰ ደግሞ ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ኤሲው የሞቀበት ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ስንት ያስሞላል?» ብሎ ሳይሆን «ጋዙ የት ሄደ?» ብሎ ነው።

ብርድ ባለበት ከተማ ኤሲ ምን ያደርጋል?

ውሎው ከመስቀል አደባባይ ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስ ሪቼና ጎተራ የሆነ አሽከርካሪ ኤሲውን ሳይነካ መንፈቅ ሊያልፍ ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጥላ ባለበት ሁሉ ብርድ አለ። ብዙ ሰው ኤሲን የቆላ ዕቃ አድርጎ የሚያየው ለዚህ ነው።

የጋራዥ ቋንቋችንም ይህን ይመሰክራል። ኮፈን፣ ጎማ፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ኮምፕሬሰር፣ ኮንደንሰር፣ ኢቫፖሬተር ግን የተወሰዱት ከእንግሊዝኛ ነው፤ ዕቃዎቹ እኛ ዘንድ የደረሱት ዘግይተው ነውና። ላዳ ታክሲ እየጠገነ ያረጀ መካኒክ ኮፈን ሥር ኤሲ የሚባል ነገር አላየም። ሞተር አሳምሮ የሚያውቅ ባለሙያ ሁሉ ኤሲ ያውቃል ብሎ ማሰብ የማያዋጣውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ያም ሆኖ ኤሲ አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ሥራ አለው፤ ሥራው የሚበዛው ደግሞ በክረምት ነው። ሐምሌ ላይ አራት ሰው ጭና የምትጓዝ ቪትዝ መስታወቷ ከውስጥ በጉም ይሸፈናል። ጉሙ ከተሳፋሪው እስትንፋስና ከረጠበው ጃኬት የሚወጣ እርጥበት ነው። በጨርቅ ቢጠርጉት ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይመለሳል። ኤሲውን ከማሞቂያው ጋር አብረው ቢያበሩት ግን አየሩ ኢቫፖሬተሩ ላይ ውሃውን ጥሎ፣ ደርቆና ሞቅ ብሎ መስታወቱ ላይ ይነፋል፤ ጉሙም በአጭር ጊዜ ይጠፋል። ኤሲው የተበላሸበት ሰው በሐምሌ ዝናብ መንገዱን በደንብ ሳያይ ይነዳል።

ሥራ ፈትቶ መቀመጥም ለኤሲ አይበጀውም። በኮምፕሬሰሩ ዘንግ ዙሪያ ጋዙን አግዶ የሚይዝ ቀለበት አለ። ይህ ቀለበት ከጋዙ ጋር በሚዞረው ዘይት እየራሰ መኖር አለበት። ኤሲው ለወራት ካልበራ ቀለበቱ ይደርቃል፤ ጋዙም ቀስ እያለ ይወጣል። የሞጆው ሰው ጋዝ ያመለጠው አዲስ አበባ ላይ ሳያውቀው ሊሆን ይችላል።

ቅዝቃዜው ከየት ይመጣል?

ሐኪም ቤት መርፌ ከመወጋታችን በፊት ክንዳችንን በአልኮል ሲጠርጉን ቦታው ቀዝቀዝ ይለናል። አልኮሉ ሲተን ሙቀታችንን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ኤሲም የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። ቅዝቃዜ የሚያመርት ክፍል የለውም፤ ከመኪናው ውስጥ ሙቀት እያነሣ ውጭ ይደፋል።

ሸክሙን የሚያመላልሰው ጋዝ በአብዛኞቹ መኪኖቻችን ላይ አር-134ኤ ይባላል። ኮምፕሬሰሩ በሞተሩ ቺንጊያ እየዞረ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀ ጋዝ ደግሞ ይግላል። የጋለው ጋዝ ከፊት ፓራውልቱ ጀርባ፣ ከራዲያተሩ ፊት ወደ ተገጠመው ኮንደንሰር ይሄዳል። እዚያ ነፋስ ሲያገኘው ሙቀቱን ለቆ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ እርጥበት በሚመጥ ማድረቂያ ውስጥ ያልፍና ኤክስፓንሽን ቫልቭ የሚባል ጠባብ ቀዳዳ ጋ ይደርሳል። ከቀዳዳው ወዲያ ግፊቱ በድንገት ስለሚወድቅ ፈሳሹ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ይፈላል፤ ሲፈላም ከአካባቢው ሙቀት ይወስዳል። የመኪናው ፋን አየሩን በኢቫፖሬተሩ ላይ አሳልፎ ወደ እኛ ይነፋል። ጋዙ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለስና ዙሩ እንደገና ይጀምራል።

«ቀዝቃዛ ነገር እንዴት ይፈላል?» ለሚል፦ ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ፣ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላ እዚህ ቶሎ የማይበስለው ስለዚህ ነው። አር-134ኤ ደግሞ በባሕር ጠለል ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ፣ በእኛ ከፍታ ከዜሮ በታች 32 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የኤሲ ቱቦ ተፈትቶ ጋዙ እጅ ወይም ዓይን ላይ ከረጨ እንደ እሳት የሚያቃጥለውም ይኸው ብርድ ነው። ጋዝ ባለበት ቧንቧ ላይ ቁልፍ አያሳርፉ፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት

ያለ ቁልፍ የሚደረግ የ10 ደቂቃ ምርመራ ግን አለ። ሞተሩን አስነሥተው ኤሲውን ያብሩ፣ ፋኑን ከፍ ያድርጉ፣ ሙቀት ማስተካከያውን መጨረሻው ቀዝቃዛ ላይ ያድርሱ፣ የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረውን ቁልፍ ይጫኑ። ከዚያ የሚከተሉትን በተራ ይዩ።

ነፋሱ ራሱ ደካማ ነው? እንግዲያው ችግሩ ቅዝቃዜ ላይሆን ይችላል። ብዙ መኪና ከፊት ተሳፋሪው ጉልበት ፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ የአየር ማጣሪያ አለው። መሳቢያውን አውልቆ ማጣሪያውን ማየት ቀላል ነው። አቧራ ጠግቦ እንደ ድሪቶ የጠቆረ ማጣሪያ ካገኙ ይቀይሩት፤ ከጥገናዎች ሁሉ ርካሹ ይህ ነው።

ነፋሱ ጠንካራ፣ ግን ሙቅ ነው? ኮፈኑን ከፍተው ኮምፕሬሰሩን ከሩቅ ይመልከቱ። በምትዞር ቺንጊያ አጠገብ ነጠላ፣ ሻሽ፣ ክራቫት ወይም እጅ አያስጠጉ። በብዙ መኪና ላይ ረዳትዎ ኤሲውን ሲያበራ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የኮምፕሬሰሩ የፊት ሰሌዳም ከፑሊው ጋር መዞር ይጀምራል። «ጠቅ» ካላለ ፊውዙ ተቃጥሎ፣ ሪሌው ደክሞ፣ ገመዱ ተቆርጦ ወይም ጋዙ ጨርሶ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ሲሆን የግፊት ስዊቹ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዘይት እንዳይዞር ሆን ብሎ ያስቆመዋል። በየጥቂት ሰከንዱ «ጠቅ… ጠቅ» እያለ የሚይዝና የሚለቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጋዙ አንሷል።

ሲነዱ ይቀዘቅዛል፣ መብራት ላይ ሲቆሙ ይሞቃል? ይህ የኮንደንሰር ነፋስ ነገር ነው። መኪናው ሲሄድ መንገዱ ራሱ ያራግብለታል፤ ሲቆም ግን ሥራው የፋኑ ነው። ኤሲው በርቶ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሳለ የራዲያተሩ ፋን መዞር አለበት። ካልዞረ ጋዝ ማስሞላቱን ትተው የፋኑን ሞተር ያስፈትሹ። ፋኑ ከዞረ ደግሞ በፍርግርጉ በኩል ኮንደንሰሩን ይዩት። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ፈርሶ በሚሠራበት ወቅት በዚያ የተመላለሰ መኪና ፊቱ ላይ ምን ያህል አቧራ እንደሚሸከም ባለቤቱ ያውቃል። አቧራና የሞቱ ነፍሳት የዘጉት ኮንደንሰር ሙቀቱን መልቀቅ አይችልም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በቀስታ በሚፈስ ውሃ ይታጠብ። የከፍተኛ ግፊት ማጠቢያ ከተጠጋ ስስ ክንፎቹን አጥፎ ነገሩን ያብሳል።

ሲጀምር ቀዝቅዞ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነፋሱ እየደከመ ይሄዳል? ኢቫፖሬተሩ ላይ በረዶ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ኤሲውን አጥፍተው ፋኑን ብቻ ቢተዉት በረዶው ቀልጦ ነፋሱ ይመለሳል። መንሥኤው የተበላሸ የሙቀት መለኪያ፣ የተዘጋ ማጣሪያ ወይም ቧንቧው ውስጥ የገባ እርጥበት ነው።

ኮምፕሬሰሩ ይሠራል፣ ወደ ሞተር ክፍል የሚመለሰው ወፍራም የብረት ቧንቧም ቀዝቅዞ ላብ አውጥቷል፤ የሚነፋው ግን ሙቅ ነው? እንግዲያው ኤሲው ሥራውን ሠርቷል። ዳሽቦርዱ ውስጥ ቀዝቃዛውንና ሙቁን አየር የሚቀላቅል ትንሽ መዝጊያ አለ፤ እሱ ሙቁ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል ማለት ነው። ለዚህ ጋዝ ማስሞላት የራስ ምታትን በጫማ ቅያሪ እንደማከም ነው።

ዳገት ላይ ብቻ ቅዝቃዜው ለአፍታ የሚጠፋ ከሆነ አይጨነቁ። የትንሽ ሞተር ጉልበት በዚህ ከፍታ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ነዳጅ መርገጫውን እስከ ወለሉ ሲረግጡት ብዙ መኪኖች ለሞተሩ ቅድሚያ ሰጥተው ኮምፕሬሰሩን ይለቃሉ።

መኪናው ከቆመ በኋላ ከሥሩ የሚንጠባጠብ ንጹሕ ውሃ የጤና ምልክት ነው። ኢቫፖሬተሩ ከአየሩ የጨመቀው እርጥበት ነው። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ ጠብታው ሊያንስ ይችላል።

ቀዳዳውን መፈለግ

ምርመራዎ ወደ ጋዝ ማነስ ካመለከተ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ቀዳዳውን መፈለግ ነው። ጋዙ አይታይም፤ አብሮት የሚዞረው ዘይት ግን ሲወጣ አቧራ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ጥሩ መካኒክ መጀመሪያ በዓይኑ ይፈልጋል፦ የቧንቧ መጋጠሚያዎች፣ የኮምፕሬሰሩ የፊት ዘንግ፣ ጠጠር የሚመታው የኮንደንሰሩ የታችኛው ክፍል፣ ጋዝ የሚሞላባቸው ሁለቱ አፎች። ከአካባቢው ይልቅ የጠቆረና ዘይት የተቀባ ቦታ ካገኘ አንዱ ተጠርጣሪ ተይዟል።

ከዚያ የሳሙና አረፋ አለ፤ ጎሚስታ ጎማ በውሃ ውስጥ ነክሮ እንደሚፈልገው ያለ ነው። በጣም ትንሽ ቀዳዳ በአረፋ ስለማይገኝ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም ወይም ጋዝ የሚያሸት መሣሪያ ያስፈልጋል። ቧንቧው ባዶ ከሆነ በናይትሮጅን ግፊት ተሞልቶ ይፈተሻል። ለዚህ ሥራ የብየዳ ኦክስጅን ፈጽሞ አይገባም፤ ኦክስጅን ከዘይት ጋር በግፊት ሲገናኝ ይፈነዳል። የጎማ መንፊያ አየርም አይመከርም፤ እርጥበት ያስገባል።

ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ያለው በአንዲት ርካሽ የጎማ ኦሪንግ ላይ ነው። ኮንደንሰሩ ከተበሳ መቀየሩ ይሻላል። «ቀዳዳ ይደፍናል» ተብሎ ከጋዝ ጋር የሚጨመር ፈሳሽ ግን ቫልቩንና መሙያ ማሽኑን ጭምር ስለሚዘጋ የሚያውቅ ባለሙያ ይሸሸዋል።

ኮምፕሬሰሩ ተሰብሮ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። አዲስ ውድ ስለሆነ ብዙ ሰው ያገለገለ ፍለጋ ወደ መለዋወጫ ገበያው፣ ሶማሌ ተራ ይሄዳል። እዚያ ሲገዙ ሁለት ነገር ይዩ። ዘንጉ በእጅ ሲዞር ሳይንገጫገጭ እኩል መዞር አለበት፤ የቧንቧ አፎቹም ተደፍነው መቀመጥ አለባቸው፤ አፉን ከፍቶ የከረመ ኮምፕሬሰር አቧራና እርጥበት ጠጥቷል። የተሰበረው አሮጌ ኮምፕሬሰር የብረት ብናኝ በቧንቧው በትኖ ስለሚሄድ ሳይታጠብና ማድረቂያው ሳይቀየር የተገጠመው አዲሱም ብዙ አይቆይም።

የአዲስ አበባ ከፍታና የጌጁ መርፌ

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ መካኒኩ ጋዝ ከመሙላቱ በፊት በቫክዩም ፓምፕ ቧንቧውን ባዶ ማድረግ አለበት። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው አየርና እርጥበት ቧንቧው ውስጥ ትቶ ይሞላል፤ እርጥበቱ ቫልቩ ላይ በረዶ ይሆናል፣ ከዘይቱም ጋር ተዋሕዶ ብረቱን ይበላል። ፓምፑ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሥራ፣ ከዚያ ተዘግቶ የግፊት መለኪያው፣ የጌጁ፣ መርፌ ሳይንቀሳቀስ መቆየቱ ይታይ። መርፌው ከተመለሰ ቀዳዳው ገና አለ።

እዚህ ላይ በከፍታችን ምክንያት ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። መመሪያ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች መርፌው ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ ቫክዩም መጠጋት እንዳለበት ያሳያሉ። አዲስ አበባ ላይ ግን ከ22 እስከ 23 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። ይህን አይቶ ፓምፑን የሚረግም ወይም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ የሚውል አለ። ጌጁ የውስጡን ግፊት የሚለካው ከውጩ አየር ጋር እያነጻጸረ ነው። የውጩ አየር ግፊት እዚህ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ መርፌው የሚወርድበት ጉድጓድ ራሱ ጥልቀቱ ያንሳል። ያው ፓምፕ አዳማ ቢወርድ 24 ገደማ ያሳያል።

ጋዝ ከገባ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ለአንድ ዓይነት ሙቀት የእኛ ጌጅ ከባሕር ጠለሉ 3.5 ፒኤስአይ ያህል ከፍ ብሎ ያነባል። ሞተሩ ጠፍቶ በቀዘቀዘበት፣ 20 ዲግሪ በሆነ ጠዋት፣ ውስጡ ፈሳሽ ጋዝ ካለ የዝቅተኛው ግፊት ሰማያዊ ጌጅም የከፍተኛው ግፊት ቀይ ጌጅም መርፌያቸው 70 ፒኤስአይ አካባቢ ላይ ይቆማል። 20 ወይም 30 ብቻ ካሳዩ ጋዙ ሊያልቅ ደርሷል።

ሆኖም ግፊት መጠንን አይነግርም። የወጥ ቤቱን ቡታጋዝ ያስቡ፦ ሙሉም ሆነ ሩብ ሲቀረው እሳቱ ያው ነው፤ ስንት እንደቀረ የምናውቀው አንሥተን ክብደቱን ስናይ ነው። የኤሲ ጋዝም እንዲሁ በሚዛን እንጂ በመርፌ ብቻ አይሞላም። የብዙ ትንንሽ የቤት መኪኖች ልክ ከ300 እስከ 600 ግራም ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ትክክለኛው ቁጥር ከጋዙ ዓይነት ጋር ኮፈኑ ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ከልክ በላይ መሙላትም ኤሲውን ያሞቀዋል፤ ኮንደንሰሩ በፈሳሽ ተጨናንቆ ሙቀት የሚለቅበት ቦታ ያጣል፣ ኮምፕሬሰሩም ይጨነቃል። «ትንሽ ጨምርበት» ማለት እዚህ ቤት አይሠራም።

ጋዙ ራሱ ማን ነው?

ቀድሞ በመኪና ውስጥ የሚሞላው አር-12 ነበር። የምድርን የኦዞን ሽፋን እንደሚበላ ስለታወቀ በ1987 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ከጥቅም እንዲወጣ አደረገ፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአር-134ኤ ተተካ። ይህኛው ኦዞንን ባይነካም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,300 እጥፍ ያላነሰ ሙቀት የማፈን ኃይል ስላለው በ2016 እ.ኤ.አ. በዚያው ስምምነት የኪጋሊ ማሻሻያ እንዲቀንሱ ከተባሉት መካከል ገባ። አዳዲስ መኪኖች አር-1234ዋይኤፍ በሚባል፣ አየር ንብረትን ብዙም በማይጎዳ ነገር ግን በመጠኑ በሚቀጣጠል ጋዝ ይመጣሉ። ዓይነቶቹ አይደባለቁም። አሮጌውን ጋዝ ወደ አየር መልቀቅም ለሁላችንም ጉዳት ነው፤ መሰብሰቢያ ማሽን ያለው ጋራዥ ካገኙ እሱን ይምረጡ።

ከሁሉ የሚከፋው ስሙ አንድ፣ ውስጡ ሌላ የሆነ ጋዝ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በመርከብ በሚጓጓዙ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ውስጥ ተመሳስሎ የተሠራ ጋዝ ከአሉሚኒየም ጋር ተዋሕዶ ፍንዳታ አስነሥቷል፤ ሠራተኞችም ሞተዋል። ርካሽ ነው ተብሎ የማብሰያ ጋዝ የሚቀላቀልበትም ኤሲ ተሳፋሪ ፊት የተቀመጠ እሳት ነው። ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብና ማኅተሙ ሲፈታ ማየት የደንበኛው መብት ነው።

መኪናው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ በካዛንቺስ ጎዳና ላይ ቢዋይዲና የቮልስዋገን አይዲ መኪኖች ማየት ብርቅ አይደለም። የእነዚህ ኮምፕሬሰር ቺንጊያም፣ «ጠቅ» የሚል ሰሌዳም የለውም። የራሱ ኤሌክትሪክ ሞተር ውስጡ አለ፤ የሚመገበውም በብርቱካንማ ገመድ ከዋናው ባትሪ ነው። በብዙዎቹ ላይ በዚያ ገመድ የሚያልፈው ከ300 ቮልት በላይ ሲሆን የቤታችን ሶኬት 220 ነው። ስለዚህ ብርቱካንማ ገመድ ያለበትን ነገር ሠልጥኖ ያልመጣ ሰው አይንካው።

ዘይቱም የተለየ ነው። የተለመደው የመኪና ኤሲ ዘይት ፒኤጂ ሲሆን የብዙዎቹ ኤሌክትሪክ ኮምፕሬሰሮች ፒኦኢ የሚባል፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዘይት ይፈልጋሉ። ቪትዝ በተሞላበት ቱቦ፣ የድሮው ዘይት ሳይጸዳ፣ የኤሌክትሪክ መኪና መሙላት የኮምፕሬሰሩን የኤሌክትሪክ መከላከያ አዳክሞ መኪናው ራሱን እንዲያጠፋ ሊያደርግ ይችላል። በብዙዎቹ ላይ ይኸው ጋዝ ዋናውን ባትሪ ጭምር ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ሙቅ የሚነፋ ኤሲ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ወደ አዋሽ ሲወርድ የሚጎዳው የተሳፋሪው ምቾት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ፈጣን ቻርጅም ሊንቀራፈፍ ይችላል።

ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት

መካኒኩን መጠየቅ አለማመን አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። «ወንድሜ፣ ቀዳዳው የት ነበር? ቫክዩም ስንት ደቂቃ ቆየ? መርፌው ጸንቶ ቆመ? ስንት ግራም ገባ?» ማለት ይበቃል። ከዚያ በመካከለኛው የአየር መውጫ ላይ ተራ ቴርሞሜትር ይሰኩና ሞተሩን ትንሽ ከሚኒሞ ከፍ አድርገው 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ጤነኛ ኤሲ በብዙ መኪና ላይ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ያህል ያወጣል። «አሁን ቀዝቅዟል» የሚለውን እጅ ሊስተው ይችላል፤ ቴርሞሜትር አይስተውም።

ከጥገናው በኋላ ያለው እንክብካቤ ቀላል ነው። ብርድም ቢሆን በሳምንት አንድ ጊዜ ኤሲውን ለ10 ደቂቃ ያብሩት፤ ክረምት ላይ መስታወት ለማድረቅ ከተጠቀሙበት ይህ በራሱ ይሟላል። ማጣሪያውን ከበጋው አቧራ በኋላ ይዩት። የረጅም መንገድ ጉዞ ካሰቡ ደግሞ ሙከራውን ሞጆ ላይ ሳይሆን ከሳምንት በፊት ሰፈር ውስጥ ያድርጉት።

የገባው ጋዝ በግራም፣ ከቀኑ ጋር፣ ደረሰኙ ላይ ይጻፍልዎ። 450 ግራም ገብቶ ከሁለት ዓመት በኋላ ማሽኑ 430 መልሶ ከሰበሰበ ቧንቧው ደኅና ነው፤ ሙቀቱ የመጣው ከፋን፣ ከማጣሪያ ወይም ከመዝጊያ ነው። በሦስት ወሩ 200 ብቻ ከተገኘ ቀዳዳው አልተደፈነም፤ መካኒኩም መልሶ የሚፈልገው ነገር አለው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ «ጋዝ ጨርሷል» ሲልዎ ያን ወረቀት ያውጡለት።